የመጀመሪያ ኮርሳችሁን ዕቃ ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮርሳ (ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት) የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ዕቃ መቀየር ያምረዋል። ቀላል ቸርኬ፣ አዲስ ካምቢዮ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሸጋግረው)፣ የካርቦን ምናምን። ማማሩ አያስወቅስም። ግን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ለዓይን ለሚያምረው ነው። ዳገት ላይ የሚያስለቅሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ማርሹ ነው።

የተወዳዳሪ ማርሽ ይዞ ዳገት መውጣት

ያገለገሉ የድሮ ኮርሳዎች ብዙዎቹ ከፊት 53 እና 39 ጥርስ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 25 ይዘው ይመጣሉ። ይህ ለሰለጠነ እግር የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የእግር አቅም ይቀንሳል። ዳገቱ ግን ለማንም አይቀንስም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ አንዴ ሲዞር 2.1 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉና በ2.1 አባዙት። የምታገኙት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የምትሄዱትን ርቀት ነው። 39 ለ25 ሲካፈል 1.56 ነው፤ ወደ 3.3 ሜትር ይመጣል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየወጣችሁ ከሆነ ፔዳሉ በደቂቃ 51 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህ መንዳት ሳይሆን ክብደት ማንሳት ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ጉልበታችሁ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ቢሆን ግን በዚያው ፍጥነት 75 ዙር ትረግጣላችሁ። ያው ዳገት፣ ያው ሰው።

«ትልቅ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) የደካማ ነው» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። እንዳትሸወዱ። የዕቃ አምራቹ ሺማኖ በ2021 ባለ 12 (ከኋላ 12 ማርሽ ያለውን) ዱራ ኤስ ሲያወጣ፣ ማለትም የፕሮዎቹን ዕቃ፣ ካቀረባቸው ካሴቶች መካከል 11-30 እና 11-34 ይገኙበታል። እነሱ ያላፈሩበትን እኛ ምን አሳፈረን?

ሌላው ስጋት «ከ34ቱ ጋር የሚመጣው ትልቁ 50 ጥርስ ቁልቁለት ላይ ያንሰኛል» የሚለው ነው። 50 በ11 ይዛችሁ በደቂቃ 90 ዙር ብትረግጡ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። እንዲያውም 50 በ11 ከ53 በ12 ይበልጥ ከባድ ማርሽ ነው። ከዚያ ፍጥነት በላይ ለጀማሪ ጎንበስ ብሎ መንሸራተት ይበቃል።

ትልቅ ካሴት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በጥርሶቹ መሀል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ሜዳ ላይ በቡድን ስትነዱ አንዱ ማርሽ ሲቀል ቀጣዩ ሲከብድ ይሰማችኋል። ዱባይ አል ቁድራ በተባለው የብስክሌት መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ሁሉም ሜዳ ስለሆነ 11-25 ወይም 11-28 ይመቸዋል። ማርሽ የሚመረጠው በምትነዱበት መንገድ ነው።

«ይገጥማል» ሲባል አምኖ መክፈል

ኪስ የሚያራቁተው ይሄኛው ነው። ሻጩ በቅንነት «ይገጥማል» ሊላችሁ ይችላል። ለክቶ ማረጋገጥ ያለባችሁ ግን እናንተ ናችሁ።

ከክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹና የፊት ጥርሶቹ ከሚታሰሩበት ክንድ፣ እንጀምር። የድሮው 53/39 ክራንክ አምስቱ ብሎኖች የሚታሰሩበት ክብ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ የሚገባው ትንሹ ጥርስ 38 ነው። 34 ገዝታችሁ ብትመጡ አይገባም፤ እሱ 110 ይፈልጋል። ለማወቅ ክራንኩን መፍታት አያስፈልግም። ከአንዱ ብሎን መሀል እስከ ጎረቤቱ ብሎን መሀል በማስመሪያ ለኩ። 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 130 ነው፤ 65 ገደማ ከሆነ 110 ነው። 130 ከሆነባችሁ የፊቱን ትታችሁ የኋላውን ካሴት ማሳደግ ይረክሳል። ሙሉ ክራንክ መቀየር ከፈለጋችሁ ደግሞ መሀል ያለው ኩሽኔታም አብሮ ሊቀየር ይችላል። እሱንም ደምሩት።

ቀጥሎ የኋላ ካምቢዮው። ትንንሾቹ ሁለት ተሽከርካሪዎች የተያዙበት ክንድ አጭር ወይም ረዥም ይሆናል። ለምሳሌ የሺማኖ 105 አር7000 አጭሩ እስከ 30 ጥርስ፣ ረዥሙ እስከ 34 ይችላል። ከዚያ የቆዩት አጫጭሮች ብዙዎቹ 28 ላይ ያቆማሉ። 32 ካሴት ከመግዛታችሁ በፊት ካምቢዮው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና አቅሙን አጣሩ።

ካሴቱ ሲያድግ ካቴናውም መርዘም አለበት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አጭር ካቴና ይዛችሁ በስህተት ትልቁን ከትልቁ ስታገናኙ ካምቢዮው ይነጫል፤ የተንጠለጠለበት የፍሬሙ ጆሮ ይጣመማል። ክፉ ቀን ከሆነ ቸርኬው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አዲሱን ካቴና በካምቢዮው ሳታሳልፉ በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ጠምጥሙት። ጫፎቹ ከሚገናኙበት ላይ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ቀለበት ጨምራችሁ ቁረጡ።

የማርሾቹ ቁጥር እኩል መሆኑም ዋስትና አይደለም። ባለ 10 የማውንቴን ካምቢዮ በሺማኖ ባለ 10 የኮርሳ መቀየሪያ (መሪው ላይ ያለው፣ በእጅ የምትጫኑት) አይሠራም፤ ኬብሉ የሚሳብበት መጠን ይለያያል። የሺማኖ ቲያግራ 4700 ራሱ ባለ 10 ሆኖ ከሱ በፊት ከነበሩት ባለ 10 ዕቃዎች ጋር አይስማማም። ክላሪስ ወይም ሶራ (የሺማኖ ባለ 8 እና ባለ 9 የኮርሳ ዕቃዎች) የያዘ ሰው ግን እድለኛ ነው። የቆየ ባለ 9 የሺማኖ ማውንቴን ካምቢዮ ይሠራለታል፣ ትልቅ ካሴትም ይችልለታል። የኮርሳ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው።

አዲስ ካሴት በአሮጌ ካቴና

የተሳበ ካቴና አዲሱን ካሴት ይበላዋል። ማስመሪያ ያዙና ከአንድ ፒን መሀል ጀምራችሁ 24 ቀለበት ለኩ። አዲስ ካቴና 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ306 ተኩል ካለፈ ቀይሩት። 308 ከደረሰ አሮጌው ካሴትም አብሮ አልቋል ማለት ነው።

ከክላሪስ ወደ 105 በቁርጥራጭ መውጣት

«ዛሬ መቀየሪያውን፣ በሚቀጥለው ወር ካምቢዮውን» የሚል እቅድ አያዋጣም። ባለ 8 ክላሪስና ባለ 11ዱ 105 ተቀላቅለው አይሠሩም። ጥርስ፣ ካቴና፣ መቀየሪያ፣ ካምቢዮ ሁሉ አንድ ላይ መግባት አለባቸው። ሲያልቅ ደግሞ አብዛኛው ባለ 11 የኮርሳ ካሴት የድሮው ቸርኬ ላይ አይገባም፤ 1.85 ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ መያዣ ይፈልጋል። ሁሉንም ስትደምሩት 105 የተገጠመለት ያገለገለ ኮርሳ ዋጋ አጠገብ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ያላችሁን ሸጣችሁ እሱን ግዙ ባይ ነኝ።

ግራም ማሳደድ

65 ኪሎ ሰውና 10 ኪሎ ኮርሳ 75 ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ ብትቀንሱ ከመቶው አንድ እንኳ አይሞላም። 20 ደቂቃ በሚፈጅ ዳገት ላይ 8 ሰከንድ ቢያተርፋችሁ ነው። ለተወዳዳሪ ብዙ ነው፤ ለጀማሪ ግን የሁለት ጉንጭ ውሃ መጠጫ ጊዜ ነው። ፕሮዎቹም ቢሆኑ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ኮርሳ ይዘው ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ መግባት አይፈቀድላቸውም።

በተለይ ፍሬኑ ቸርኬውን በሚይዝ ኮርሳ ላይ የካርቦን ቸርኬ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከእንጦጦ ስትወርዱ ጀማሪ ፍሬኑን ይዞ ነው የሚወርደው። ሙቀቱ እዚያው ቸርኬው ላይ ይጠራቀማል። አልሙኒየም ይህን ይችለዋል፤ ርካሽ ካርቦን ላይችለው ይችላል።

ርካሹንና የሚጠቅመውን መርሳት

ጥሩ ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ ኬብል። ለጀማሪ ከእነዚህ በላይ በብሩ ልክ የሚክስ የለም። ከ23 ወደ 25 ወይም 28 ጎማ ስትሄዱ በፍሬኑና በፍሬሙ መሀል ቦታ መኖሩን እዩ፤ ብዙዎቹ የድሮ ፍሬኖች 28 አያስገቡም። ስትነፉም አታብዙት። 65 ኪሎ ሰው በ25 ጎማ 120 ፒኤስአይ አያስፈልገውም፣ 80 ገደማ ይበቃዋል። አለበለዚያ ኮብልስቶን ላይ እንደ ዶቃ ትነጥራላችሁ።

ኬብል ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማርሹ የሚዘገይ፣ ወደ ትልቁ ጥርስ የሚሄድ ወደ ትንሹ ግን እንቢ የሚል ከሆነ ብዙ ሰው «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል። መጀመሪያ ከመቀየሪያው ሥር ያለውን የኬብል ጫፍ እዩት። እዚያ ይበጣጠሳል። የኋላውን የመጨረሻ ቁራጭ ማቀፊያም (ኬብሉ በውስጡ የሚያልፍበትን ቱቦ) አውጡና ኬብሉን በእጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ ሳቡት። ከቆረቆራችሁ ወይም ዝገት ከወጣ፣ ኬብሉንና ማቀፊያውን ቀይሩና እንደገና ሞክሩት።