የወሎ ዘር ሲቆጠር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘሩን የሚጠይቅ ወጣት እየበዛ ነው። ደስ ይላል። ከአዲስ አበባም፣ ከጅዳም፣ ከአሜሪካም ወደ ደሴና ወደ ወልዲያ እየደወለ "የቅድመ አያቴ አገር የት ነበር?" የሚል አለ። ጥያቄው ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙው ሰው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ወሎ የራሷ ጠባይ አላት። እዚህ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ስም ይዞ ኖሮ ያልፋል። ከአንድ አያት መስጊድ የሚሄዱም ቤተ ክርስቲያን የሚስሙም የልጅ ልጆች ይወጣሉ። ይህን ሳያውቁ የጀመሩት ቆጠራ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትውልድ ላይ ይቆማል።

ከሽማግሌው በፊት መዝገብ ቤት መሄድ

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደውም በ1976 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በክፉ ቀን፣ በታላቁ ረሃብ ዘመን የተወለደ ሰው የልደት ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ደጅ መጥናት ቀን ማባከን ነው። በዚያ ላይ የ2014ቱ ጦርነት በወሎ ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበረውን ሰነድ ይዞት ሄዷል።

ዋናው መዝገብ ሰው ነው። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉት አያ ወይም አክስት ጋ ዛሬውኑ ይሂዱ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም (ወመዘክር) ሆነ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያለው ሰነድ በሚቀጥለው ዓመትም ይገኛል። እሳቸው ግን ላይኖሩ ይችላሉ።

"ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?" ብሎ መጀመር

መልሱ "እንጃ ልጄ" ነው፤ ጨዋታውም እዚያው ይሞታል። ይልቅ ቡናው ይፈላ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት በየስሙ ይጠየቅ፣ በረካው ይጠጣ። ስልክዎን ለመቅዳት ካወጡ አስፈቅደው ያውጡ። ከዚያ በዘመን ፋንታ በነገር ይጠይቁ፦

"አባባ ሰገሌ ሲዘመት ልጅ ነበሩ፣ ወይስ ጎልማሳ?"

"ኧረ ልጅ ናቸው! ከብት ይጠብቁ ነበር። አጎታቸው ናቸው የዘመቱት። አልተመለሱም።"

አዩ? በአንድ ጥያቄ የልደት ዘመን ተቀራርቦ ተገኘ፣ ስሙ ያልተነሳ አጎትም ብቅ አለ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው፣ የተወለደው ከ1897 እስከ 1902 ባለው ጊዜ ነው። ሌሎቹንም መያዣዎች በእጅዎ ይያዙ፦ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የጣሊያን መውጣት 1933፣ የ66ቱ ረሃብ፣ የ77ቱ ድርቅና ሰፈራ። የወሎ ሽማግሌ ዕድሜውን የሚያስረዳው በእነዚህ ነው።

ሌላው ብዙ የሚያስገኝ ጥያቄ ቀብር ነው። "የት ተቀበሩ? ማን ቀበራቸው? ቅሬያቸው (የመንደሩ የቀብር ዕድር) የት ነበር?" ይበሉ። የመቃብር ቦታው ሰውየው ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ደብር ወይም መስጊድ እንደነበሩ ይነግርዎታል። ቀባሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው።

አንድ ስም ይዞ መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። አባት፣ አያት እየተባለ ይሄዳል እንጂ አምስት ትውልድ የሚሻገር መጠሪያ የለንም። "ይመር" የሚል ስም ቢይዙ ወሎ ውስጥ የማያገኙት መንደር የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራበታል። ስለዚህ ስም ብቻውን ምንም አይደለም። ስሙን ከአባቱ፣ ከሚስቱ፣ ከመንደሩና ከጎረቤቱ ጋር አስረው ይያዙት።

ከዚያ ደግሞ ያው ሰው ሌላ ስም ይኖረዋል። ክርስቲያን ከሆነ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስምና የክርስትና ስሙ ይለያያሉ። ቄሱ በጸሎት የሚያነሱት የክርስትና ስሙን ነው። በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ "ወልደ ሚካኤል" ተብሎ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ጨርሶ በዚህ ስም ተጠርቶ አያውቅ ይሆናል። ሹመት ወይም ዝና የነበረው ሰው የፈረስ ስምም አለው። ንጉሥ ሚካኤል "አባ ሻንቆ" ይባሉ እንደነበረው ማለት ነው። እናት ያወጣችው ሌላ፣ አማት ለምራት ያወጣችው ሌላ ነው። ሙስሊም ቤት ውስጥ ደግሞ ያው ስም በአንዱ ወረቀት "ሐሰን"፣ በሌላው "አሰን" ተብሎ ይጻፋል፤ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የጻፈው። መዝገብ ውስጥ አንዱን ፈልገው ካጡት ሌላውን ሳይሞክሩ አይነሱ።

እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ መስጠት ነው። በገጹ አናት ላይ የሚታወቅበትን ሁሉ ስም ይደርድሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን እንደነገረዎት ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የመሰሉዎት አንድ ሰው ሆነው ሲገናኙ ያን ገጽ ያመሰግኑታል።

ሃይማኖት ሲቀየር ዘሩ የተቆረጠ መስሎ መቆም

አሊ ብለው የቆጠሩት ሐረግ ድንገት ኃይለ ማርያም ላይ ሲደርስ "ይኼ የኛ ሰው አይደለም" ብለው እንዳይተዉት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ አባት እሳቸው ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ይኼ በቤተ መንግሥት ደረጃ የሆነው ነው። በየመንደሩም እንዲሁ ስም ተቀየረ። አንዳንዱ ቆየበት፣ አንዳንዱ ቀኑ ሲያልፍ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀዬውን ጥሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ። የዚያን ጊዜ ሰው ሁለት ስም ቢኖረው ምን ይገርማል?

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በወሎ በፈቃድ የተሻገረ፣ በጋብቻ የተሻገረ ብዙ ነው። ስለዚህ ቄሱንም ሼኩንም ይጠይቁ። የጠፋብዎትን የአያትዎን ወንድም የሚያውቅ ሰው ከማዶ ያለው የመስጊዱ ወገን ሊሆን ይችላል። እነዚያን ሰዎች ዘመዶቼ አይደሉም ብሎ ማለፍ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። እነሱ ዱዓ ሲያደርጉ እርስዎን "የእገሌ ዘሮች" እያሉ የሚያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የዛሬውን ካርታ ይዞ የጥንቱን አገር መፈለግ

"ቦረና ነው የተወለዱት" ሲባሉ ደቡብ ኦሮሚያ የገቡ ሰዎች አሉ። ወሎ ቦረና መካነ ሰላም ያለበት ነው። አላማጣ በንጉሡም በደርግም ዘመን የወሎ ነበረች፤ አውሳም የወሎ አውራጃ ነበር። የድሮው ወረቀት የሚገኘው በዚያን ዘመኑ አውራጃ ስም ነው። ወረዳውን፣ አውራጃውን፣ ጠቅላይ ግዛቱን ይጠይቁ። የአጥቢያውን ስም አይርሱ፤ ወረዳ ሲፈርስና ሲሠራ አጥቢያው ቦታው ላይ ይቆያል። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ የሚባሉት ስሞች ደግሞ መጀመሪያ የወገን መጠሪያ ነበሩ፤ "የወረ ባቦ ሰው ነኝ" ያለ ሽማግሌ ስለ አገሩ ይሁን ስለ ዘሩ መለየት ያስፈልጋል።

"አባቴ" የተባለውን ሁሉ ወላጅ ማድረግ

የክርስትና አባት አለ፣ የጡት አባት አለ፣ ጉዲፈቻ አለ፣ አሳዳጊ አጎት አለ። ሁሉም "አባቴ" ይባላል። አበልጅ ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ ይከበራል፤ እንዳይጋቡም ይጠነቀቃሉ። "ወለዱዎት ወይስ አሳደጉዎት?" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ያሳደጉትንም ይጻፉ፣ ግን በራሳቸው ቦታ።

በሙስሊሙ በኩል አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ገታ ካሉ የታወቁ የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ቦታዎች ጋር የተያያዘ ቤተሰብ ዘንድ የስም ሰንሰለት ያለበት ወረቀት ይገኛል። ያ ብዙ ጊዜ ሲልሲላ ነው፤ ሼኩ ትምህርቱን ከማን፣ ያም ከማን እንደተቀበለ የሚናገር። የመምህራን ሐረግ ነው። አባትና ልጅ መስሎዎት ወደ ዘር ቆጠራው ካስገቡት ቅድመ አያትዎ መካ ላይ ያርፋሉ። ዐረብኛና ዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) የሚያነብ ሰው ያሳዩት።

የርስት ክርክር ወረቀትን እንደ ንጹሕ ምስክር ማንበብ

የቤተሰቡ ሳጥን ውስጥ የቆየ ውሳኔ ወይም አቤቱታ ቢያገኙ እድለኛ ነዎት። እስከ የካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ስለዚህ ከሳሹ ሰባትና ስምንት ትውልድ ይቆጥራል። ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ግን ሰውየው የቆጠረው መሬት ለማግኘት መሆኑን አይርሱ። የሚያዋጣውን መስመር ይጠራል፣ ተካፋይ የሚያመጣበትን እህት ይዘላል። በዚያው መዝገብ ውስጥ ተከሳሹ የሰጠውን መልስ ሳያነቡ አይተዉት። ሁለቱም የተስማሙበት ትውልድ ከሞላ ጎደል አስተማማኝ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የግብር ደረሰኝ ላይ የአንድ ሰው ስም ስላለ መሬቱ የሱ ብቻ ነበር አይበሉ። ወንድማማች በአንዱ ስም ይገብር ነበር።

የእናትን ወገን መተው

ርስት በእናትም ይወረስ ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሴቶቹንም ስም ያውቁታል፣ ካልጠየቋቸው ግን አይነግሩዎትም። ይጠይቋቸው። ሴት አያቶቹን ደግሞ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፤ ወንዶቹ ባሉበት ብዙ አይናገሩም።

ዘመናቱን ማቀላቀል

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከፈረንጁ የምንለየው በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በ8 ነው። የሂጅራ ዓመት ደግሞ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ 33ቱ የኛን 32 ያህላል። በኪታብ ኅዳግ ላይ የተጻፈን የሂጅራ ልደት በደፈናው ቢያሰሉት በብዙ ዓመት ይሳሳታሉ።

በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ "በዘመነ ማርቆስ" የሚል ብቻ ካገኙ እሱም ይረዳል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። አያትዎ የተጠመቁት ወደ 1909 ግድም ነው ቢባልና ወረቀቱ ሉቃስ ቢል፣ 1907 ወይም 1911 ነው ማለት ነው፤ 1909 ማቴዎስ ነበርና። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ጥንታዊ ገዳማት በወንጌል ገጾች ላይ የስጦታና የምስክር ስም ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉን ራስዎ ለመግለጥ አይጠይቁ። ገበዙን ወይም መሪጌታውን በትዕግሥት ያስረዱ፤ እነሱ ያነቡልዎታል።

በሰፈራ የሄዱትን እንደሞቱ መቁጠር

በ1977 እና 78 ከወሎ ወደ መተከል፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋና ጋምቤላ የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። "በዚያው ቀሩ" የተባሉት አያ ፓዌ ላይ ልጅ አስመርቀው ሊሆን ይችላል። አብረዋቸው የተጫኑትን የመንደሩን ሰዎች ይጠይቁ፤ ከነሱ ውስጥ የተመለሱ አሉ፣ የሚደዋወሉም አሉ።

ያገኙትን ሁሉ በአደባባይ መዘርገፍ

በአንዳንድ ቤት ደም አለ፤ ሰው ገድሎ ስሙን ቀይሮ የተሰደደ አያት። በአንዳንዱ ባርነት አለ፤ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ የልጅ ልጆቹ ዛሬ በሕይወት አሉ። ሰዎች እነዚህን የደበቁት ልጆቻቸው እንዳይሰደቡ፣ ጋብቻ እንዳይከለከሉ ብለው ነው። እውነቱን ይመዝግቡ፣ ግን ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት የነገሩ ባለቤቶችን ያስፈቅዱ። የደም ነገር ከሆነ አባጋሮቹ (የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች) እርቁ አልቆ እንደሆነ ያውቃሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ያማክሩ።

የጻፉትንም ይዘው ይመለሱ። ዘመድ በሚሰበሰብበት ሰርግ ወይም ተዝካር ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ስሞቹን ያንብቡ። አንዱ "እሷማ ታላቅየዋ ናት!" ይላል፣ ሌላው "አንዱን ወንድም ዘለልከው" ይላል። እርማቱን እዚያው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ቅጂ ከተማ ለሚኖሩት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ አገር ቤት ሰነድ በመያዝ ለሚታወቀው ሰው ይስጡ።