የፈረሰ የአትክልት ስፍራን ከሰማይ መለየት፦ ለአዳማና ለዙሪያዋ

የድሮ መናፈሻ ሲፈርስ ዛፉ ይቆረጣል፣ ድንጋዩ ይለቀማል፣ መሬቱም ይታረሳል። ከታች ያለው አፈር ግን አንዴ ተቆፍሮ ተረብሿልና ውኃ የሚይዝበት መጠን ከጎረቤቱ ይለያል። ከላይ ሆነን የምናየው ይህንኑ የውኃ ልዩነት ነው። ስለዚህ የሳተላይት ምስል ሲመርጡ ከጥራቱ በፊት የተነሳበትን ሳምንት ይመልከቱ።

የተደፈነ ቦይ ወይም የዛፍ ጉድጓድ በልል አፈር የተሞላ ስለሆነ እርጥበት ያቆያል። በላዩ የበቀለው እህል ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ዘግይቶም ይደርሳል። የግንብ መሠረት ወይም በገረጋንቲና በቀይ አሽ የተደለደለ መንገድ ካለ ደግሞ ሥሩ ወደ ታች መውረድ ስለማይችል ተክሉ ይቀጭጫል፤ ቀድሞም ይቢጫል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 በጋው ደረቅ ሆኖ ሣሩ ሲጠወልግ፣ በቻትስዎርዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1699 የተሠራው የአበባ መደብና መንገዱ ከሜዳው ሥር እንደ ሥዕል ወጥቶ ታይቷል። አንዲት አካፋ አልተነሳችም።

አዳማ ላይ ይህ ዕድል በየዓመቱ ይገኛል። ክረምቱ መስከረም ላይ ሲወጣ ቀላሉ የእሳተ ገሞራ አፈር ቶሎ ይደርቃል። ለሣር ሜዳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ለጤፍ ማሳ ደግሞ ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ይመረጣሉ። የሚፈለገው ማሳው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነበት ጊዜ ነው። ሁሉም ሲቢጭ ምልክቱ ይጠፋል። ቀኑን ለመለየት በየ5 ቀኑ የሚያነሳው ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ይጠቅማል፤ አንዱ ነጥቡ 10 ሜትር ስለሚሸፍን ግን መንገዱን ራሱን አይጠብቁበት።

ጤፍ በብተና ስለሚዘራ ጥቃቅን ልዩነት ሳይቀር ያሳያል። በቆሎ በሰፊ መስመር ስለሚተከል ያደበዝዛል። በተደፈነ ቦይ ላይ ጤፉ ከመጠን በላይ ስለሚፋፋ ይጋሽባል፤ ከላይ ሲታይ የተጋሸበው መስመር ብርሃን በሌላ አቅጣጫ ስለሚመልስ እንደ ተበጠረ ፀጉር ያንጸባርቃል። ነፋስ የጣለው ጤፍ ግን ቅርጽ የለውም፣ ድንበር አልፎም ይተኛል። የወንጂ ሸንኮራ ማሳ በመስኖ ስለሚጠጣ እርጥበቱ እኩል ይሆናል፤ እዚያ አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ባዶውን አፈር ማየት ይሻላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ አዲስ በታረሰ መሬት የኖራና የሸክላ ስብርባሪ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ይወጣል።

በኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝ ፕሮ የተባለውን የሳተላይት ምስል ማሳያ ፕሮግራም ከፍተው የሰዓቱን ምልክት ይጫኑ፤ የአንድን ቦታ ምስሎች ሁሉ በየቀናቸው ያሳይዎታል። አንዱንም ሳይዘሉ ይዩ። ዓይንዎን ከመሬት 500 እስከ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ያቁሙ፤ በጣም ከቀረቡ ቅርጹ ይበተናል። ምስሉን ካስቀመጡ በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱን ይጨምሩ። ጉብታና ጉድባ የሚታየው በጥላ ስለሆነ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ የተነሳውን ይምረጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ፦ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የተነሱት ኮሮና የተባለው የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎች ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ከአውሮፕላን ያነሷቸውም አሉ። ዛሬ መስመር ብቻ የሚታይበት ቦታ ያኔ ዛፍ ቆሞበት ይሆናል።

የአትክልት ስፍራ ሥርዓት አለው። ከቤቱ መሠረት የሚነሳ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በግራና በቀኝ እኩል የተራራቁ የዛፍ ጉድጓድ ነጠብጣቦች፣ መንገዶች በሚገናኙበት ክብ ገንዳ ይፈልጉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ያስፋፉት ዓይነት ግን ጠመዝማዛ መንገድ፣ በክምችት የተተከሉ ዛፎችና በግድብ የተሠራ ሐይቅ ስላለው ለመለየት ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአውድማ ነው። አውድማ በእበት ተለቅልቆ፣ በከብት ተረግጦ ስለጠነከረ መሐሉ ይቀጭጫል፤ ዙሪያው ደግሞ ጭድና ፍግ ስላገኘ ይለመልማል። ከሰማይ ሲታይ ቁርጥ ክብ ገንዳ ይመስላል። መለያው ቦታው ነው፦ ገንዳ የመንገዶች መገናኛ ላይ ይቀመጣል፣ አውድማ ብቻውን ነው፤ በሌላ ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ምስል ላይም ክምሩ አጠገቡ ይታያል። የድሮ በረት ጥቁር ክብ ይተዋል። ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሮጡ ረጃጅም መስመሮች ካዩ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ሊሆኑ ስለሚችሉ በዚያ አቅጣጫ ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ይያዙት። በሦስት የተለያዩ ዓመታት ምስል ላይ እዚያው ቦታ ያልታየ ምልክት ባይመዘገብ ይመረጣል።

ወደ ቦታው ሲሄዱ የማሳውን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ ስለ ቦታው የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉ ይጠይቁ። የእህሉን ቁመት በምልክቱ ላይና ከምልክቱ ውጭ በሜትር ይለኩ። አይቆፍሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ነጥቡን ሲመዘግቡ አዳማ ዩ ቲ ኤም በተባለው የዓለም ካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት በዞን 37 ሰሜን ውስጥ መሆኗን ያስታውሱ። የድሮዎቹ 1 ለ 50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለ የመነሻ ስሌት፣ ማለትም የቦታ መለኪያው በሚነሳበት መሠረት፣ የተሠሩ ናቸው፤ ስልክዎ የሚሰጠው ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ሌላ የመነሻ ስሌት ነው። ሁለቱን ሳይለውጡ ካደባለቁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ የአንዱ ገበሬ ማሳ ላይ ያለው ገንዳ የሌላው ማሳ ላይ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የትኛውን ስሌት እንደተጠቀሙ፣ ምስሉ የተነሳበትን ቀንና በማሳው ላይ የነበረውን እህል ይጻፉ።