የመስሚያ መሣሪያ ለእማማ፦ ከምርመራው እስከ ልምምዱ

እማማ ሲጠሯቸው ዝም ይላሉ። ጮክ ሲባል ደግሞ «ምን ያስጮኻችኋል?» ብለው ይቆጣሉ። ግትርነት እንዳይመስላችሁ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚነካው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ ስ፣ ፍ፣ ት ይጠፋሉ። ሰው ማውራቱን ይሰማሉ፤ ምን እንዳለ ግን አይለይላቸውም።

መጀመሪያ ጆሯቸው ይታይ። አንዳንዴ ጣጣው የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው። በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ጅማ ላይ ከሆናችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄዳችሁ «አንገት በላይ» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሂዱ።

ቀጥሎ የመስማት ምርመራ ነው። መሣሪያው የሚስተካከለው በምርመራው ውጤት ልክ ስለሆነ የጎረቤት ተውሶ መሞከር አያዋጣም።

ዋናው ሥራ ከተገዛ በኋላ ነው። ብዙ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አንጎል ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ ባንዴ ሲያገኝ ይረበሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ያውሩ። ከዚያ ቡና ሲፈላ። ሲኒ ከረከቦቱ ላይ ሲነሳ የሚያሰማው ቅጭልታ ሊያስደነግጣቸው ይችላል፤ ቶሎ አታስወልቋቸው። መርካቶና ለቅሶ ቤት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ጫጫታ ውስጥ መሣሪያም ይቸገራል። ልምምዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከቆየም በኋላ ድምፁ ካስቸገራቸው ወስዳችሁ አስተካክሉላቸው።

መሣሪያው ሲያፏጭ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ ውስጥ በደንብ አልገባም ማለት ነው። ባትሪው ላይ ተለጣፊ ወረቀት ካለ፣ ከተላጠ በኋላ ባይጠቀሙበትም ኃይሉ ያልቃልና አስቀድማችሁ አትላጡ። የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ከባድ ነው። ማታ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ፣ መሣሪያውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ካለበት ዕቃ ውስጥ ክደኑት። ከረጢቱ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው።

ስታወሯቸው ከማድ ቤት አትጣሩ። ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ እናንተ ፊት ላይ አርፎ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ካልገባቸው ያንኑ ከመደጋገም በሌላ ቃል በሏቸው።