ሊሞት የተቃረበ ኮከብ ስንት ቀን ቀረው? በወረቀትና በእስክሪብቶ እናስላው

ከፀሐይ 15 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ እንውሰድ። ሃይድሮጅኑን ለመጨረስ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። መጨረሻ ላይ የሚያነደውን ሲሊከን ግን በቀናት ያራግፈዋል። ጣጣው የኒውትሪኖ ነው፤ ኒውትሪኖ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ እጅግ ቀላል ቅንጣት ነው። ይህን ለማየት ማካፈል ከቻላችሁ በቂ ነው።

መጀመሪያ ነዳጁን አስሉ። እምብርቱ ላይ የተከማቸው ሲሊከን የፀሐይን ያህል ይመዝናል በሉ፤ 2 ጽፋችሁ 30 ዜሮ ደርድሩ፣ በኪሎ ማለት ነው። አንዱ ኪሎ ወደ ብረት መሰል ንጥረ ነገሮች ሲለወጥ በግምት 20 ትሪሊዮን ጁል ያወጣል። ሲባዛ 4 ከነ43 ዜሮው ይመጣል።

አሁን ወጪው። ኮከቡ የፀሐይን 100,000 እጥፍ ያበራል እንበል፤ በዋት 4 ከነ31 ዜሮው። አካፍሉት። 1 ትሪሊዮን ሰከንድ ወጣ፣ ወደ 32,000 ዓመት። ቀናት አላልንም እንዴ? ብርሃኑን ብቻ ነዋ የቆጠርነው።

እምብርቱ በዚህ ሰዓት ከ3 ቢሊዮን ዲግሪ በላይ ግሏል። ጋማ ጨረሩ (ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን) ራሱ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ፀረ ቅንጣት፣ ጥንድ ይፈጥራል፣ ጥንዶቹም ወዲያው ተጠፋፍተው መልሰው ጨረር ይሆናሉ፤ ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ አንዴ ገደማ ግን በጨረሩ ፈንታ ኒውትሪኖና ፀረ ኒውትሪኖ ይወለዳሉ። ኢምንት ነው ትሉ ይሆናል። ግን ብርሃን እየተላተመ ለመውጣት ዘመናት ሲፈጅበት፣ ኒውትሪኖ ጉልበቱን እንደያዘ ሹልክ ብሎ ይሄዳል፣ የሚያስቆመው የለም።

እንግዲህ የኒውትሪኖውን ወጪ የፀሐይ ብርሃን 250 ቢሊዮን እጥፍ አድርጉት፤ 1 ከነ38 ዜሮው ዋት። ነዳጁን ለዚህ ስታካፍሉ 400,000 ሰከንድ፣ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ሻካራ ግምት ነው፤ እንደ ኮከቡ ክብደት ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ይህን ቁጥር ከሲሊከኑ በፊት በአነስተኛ ሙቀት ለሚነዱት ለካርቦኑ ወይም ለኦክስጅኑ ዘመን እንዳትጠቀሙበት። ወጪው ከሙቀቱ ጋር በዘጠነኛ ኃይል ገደማ ስለሚያድግ እምብርቱ 10 በመቶ ብቻ ሲሞቅ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጉልበት ያጣ እምብርት ደግሞ አይቀዘቅዝም፣ ይጨመቅና ይብስ ይግላል።

በነገራችን ላይ፣ በ2019 መጨረሻ ቤቴልጁዝ የተባለው ግዙፍ ቀይ ኮከብ ሲደበዝዝ «ሊፈነዳ ነው» ተብሎ ነበር፤ ዋናው ምክንያት አቧራ ሆነ። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ኒውትሪኖ የሚይዙ መሣሪያዎች ምን እንዳዩ ጠይቁ። ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ካምላንድ 1,000 ቶን ፈሳሽ የያዘ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበር፤ ቤቴልጁዝን ያህል ቅርብ ኮከብ ከሆነ ከፍንዳታው ሰዓታት ቀደም ብሎ ፀረ ኒውትሪኖውን ሊይዝ ይችል ነበር።