በቴሌቪዥን የምርጫ ክርክር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የንግግር ስህተቶች

በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ ጅማ ውስጥ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ክርክር ባለ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጨቃል። ቦታ የማያገኝ የመሰለው በርጩማውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይዞራል። እኛ ልጆቹ መሬት ላይ ተደርድረን እናያለን።

አንድ ማታ አንደኛው ተከራካሪ ሌላውን አንቋሸሸው። ግማሹ ሳሎን አጨበጨበ። ግማሹ ጭጭ አለ። በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ሳይጠራሩ ውለው የማያውቁ ሁለት ጎረቤቶቻችን ያችኑ ቃል ተወራወሩና ተኳረፉ። የታረቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የአንደኛው እናት ሲሞቱ ለቅሶ ላይ ነው።

ዛሬ መምህር ነኝ። እዚሁ ጅማ የተማሪዎች ክርክር ስመራ ዓመታት አልፈውኛል። ልጆቹ የሚሳደቡትን ስድብ አብዛኛውን ጊዜ የት እንደሰሙት አውቃለሁ። በቴሌቪዥን የሚከራከር ሰው የሚያናግረው ፊቱ የቆመውን ተወዳዳሪ ብቻ አይደለም። ተወዳዳሪውን የሚመስሉ፣ የሚወዱ፣ እንደሱ የሚናገሩ ሰዎች በየቤታቸው ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ከታች ያሉትን ስህተቶች የጻፍኩት እነሱን እያሰብኩ ነው።

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ

ይሄ ትንሽ ይመስላል። ግን ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ክርክሩ ሲጀመር ሁሉም ጨዋ ነው። «እርስዎ እንዳሉት»፣ «የተከበሩ ተወዳዳሪዬ» ይባባላል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ይናደድና «አንተ ያልከው ውሸት ነው» ይላል። በአማርኛ ደግሞ ሰውን ዝቅ የሚያደርገው ተውላጠ ስሙ ብቻ አይደለም፤ ግሱም አብሮ ይወርዳል። «አሉ» የነበረው «አልክ»፣ «ይመልሱ» የነበረው «መልስ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ሁሉ፣ ስለ መንገድም ይሁን ስለ ውሃ፣ ንቀት ንቀት ይሸታል። ተመልካቹም ቁጥሩን መስማት ትቶ «አየኸው? አንተ አለው እኮ!» ማለት ይጀምራል።

ከዚህ የባሰው ሰውየው አጠገብ ቆሞ እያለ «ይሄ ሰውዬ» ማለት ነው። ለሴት ተወዳዳሪ «ሴትዮዋ» ማለትም ያው ነው። «እህቴ» እንኳ፣ ወንዶቹን ሁሉ «አቶ» እያሉ ለእሷ ብቻ ከሆነ፣ ማሳነስ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የጅማ ሰው ብዙው በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገራል። በኦሮምኛ «ኢሲን» ለብዙ ሰውም፣ ለሚከበር አንድ ሰውም ይሆናል። ስለዚህ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው አንድን ሽማግሌ በአማርኛ «እናንተ» ቢል ሊያከብር ፈልጎ ነው። በቴሌቪዥን ሲሰማ ግን «እናንተ» ሌላ ትርጉም ያመጣል። «እናንተ እኮ ሁሌም እንዲህ ናችሁ» የተባለ ይመስላል፤ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ወገን የተነካ ይመስላል። የሁለቱን ቋንቋ ልዩነት የማያውቅ አወያይ ይሄን ስድብ አድርጎ ሊያራግበው ይችላል። አንዲት «እርስዎን ማለታቸው ነው» የምትል ቃል ነገሩን ታበርዳለች።

መፍትሄው ቀላል ነው። ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ሁሉም በ«እርስዎ» ሊነጋገሩ ይስማሙ። አብሮ አደጎችም ቢሆኑ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎችም ቢሆኑ።

ጥያቄውን ትቶ ሰውየውን መያዝ

እንበልና አወያዩ ስለ ቡና ጠየቀ። እሸት ቡና ለቅሞ የሚያስረክበው ገበሬ ዋጋው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ ጀንፈል አድርቆ ልጠብቅ ቢል ደግሞ ገንዘቡ አሁን ያስፈልገዋል፤ ፓርቲዎ ለዚህ ምን አስቧል? ጎማ ወይም መና ወረዳ ያለ አንድ ገበሬ ይሄን ጥያቄ ሲሰማ ሬዲዮኑን ወደ ጆሮው ያስጠጋል።

መልሱ ምን ሆነ? «እርስዎ ቡና ከመጠጣት በቀር ስለ ቡና ምን ያውቃሉ?»

አዳራሹ ሊስቅ ይችላል። ገበሬው ግን ባዶ እጁን ቀረ። ለተከራካሪው የተሰጡት ሦስት ደቂቃዎች የእሱም ነበሩ። «እርስዎ» መባሉም እዚህ ላይ አያድንም። በአክብሮት ቃል የተጠቀለለ ስድብ ያው ስድብ ነው።

የዕድሜ፣ የትምህርትና የአነጋገር ዘዬ ነገርም እዚሁ ውስጥ ይገባል። «ገና ትናንት የመጣ ልጅ»፣ «አማርኛው እንኳ ያልጠራ»። ይሄን የመጨረሻውን ስሰማ ያመኛል። እዚህ ስንት ብልህ ሰው አለ፣ በሁለተኛ ቋንቋው ስለሚናገር ብቻ ዝም የሚል! አንድ ተወዳዳሪ በአነጋገሩ ሲሳቅበት፣ ያ ሁሉ ሰው በየቤቱ አንገቱን ይደፋል።

ጠንካራ ንግግር ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። «ባለፈው ምርጫ ቃል የገቡት መንገድ እስካሁን አልተሠራም፤ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ላብ ያስወጣል፤ ስድብ ግን አይደለም። ለተማሪዎቼ አንድ መለኪያ እሰጣለሁ። ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰውየውን አውጡት። ጉዳዩ ከቀረ ተናገሩት። ምንም ካልቀረ ተዉት።

ወገን የሚነካ ስም መለጠፍ

በ1997ቱ የምርጫ ዘመቻ ከገዥው ወገን በኩል ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው «ኢንተርሃምዌ» ጋር ያመሳሰለ ንግግር ተሰምቷል። ኢንተርሃምዌ በ1986ቱ የዘር ፍጅት ሰው በገጀራ የጨፈጨፈ ሚሊሻ ነው። ተወዳዳሪን በዚህ ስም መጥራት ማለት «ይህ ሰው ካሸነፈ ትታረዳላችሁ» ማለት ነው። ይሄን የሰማ መራጭ እንዴት አድርጎ ስለ ትምህርትና ስለ ጤና ፖሊሲ ያመዛዝን?

«ባንዳ»፣ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ፀረ ሰላም» የሚሉትም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በየዘመኑ ተለጣፊው ይለዋወጣል እንጂ ስሞቹ አይጠፉም። አንድን ፖለቲከኛ ብቻ የነኩ ይመስላሉ፤ የሚያርፉት ግን አብሮት በሚቆጠረው ሕዝብ ላይ ነው። ዛሬ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የምርጫ ሥነ ምግባርን ያካተተው አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም አለ። ተከራካሪ ሁለቱንም አንብቦ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ተረትን ዱላ ማድረግ

የክርክር ባህል ከውጭ የተዋስነው አይደለም። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በቅኔ፣ በምሳሌ፣ በተሳለ ቃል ይሟገቱ ነበር። የቃል ስለት ያኔም ይደነቅ ነበር። ስለዚህ ተከራካሪ ተረት ቢጠቀም ያምርበታል።

ችግሩ ተረቶቻችን ሁሉ ንጹሕ አለመሆናቸው ነው። ለሴት ተወዳዳሪ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። አፍ ማዘጋት ነው። ዕውርን፣ ደንቆሮን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን መናቂያ ያደረጉ ተረቶችም አሉን። የሸክላ ሠሪ ልጅም መራጭ ነው። ዓይነ ስውሩም ሬዲዮ ከፍቶ እየሰማ ነው።

ማቋረጥ

ንግግር መንጠቅ ስድብ የሌለበት ስድብ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2020 ትራምፕና ባይደን ክሊቭላንድ ላይ ሲከራከሩ የሆነው ይታወሳል። ትራምፕ ደጋግመው አቋረጡ፤ ባይደን ታክቷቸው ዝም እንዲሉ በቁጣ ተናገሩ፤ አወያዩ ክሪስ ዋላስም ሁለቱን ማስቆም አቃተው። በቀጣዩ ክርክራቸው አዘጋጆቹ መላ ዘየዱ። በየርዕሱ መጀመሪያ አንዱ ሁለት ደቂቃውን ሲናገር የሌላው ማይክ ይዘጋ ነበር። ክርክሩም ያን ጊዜ የሚደመጥ ሆነ።

እኛ ጋ ማይክ መዝጋት አፈና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ ለተመልካች ጭምር ይነገር፤ ለሁሉም እኩል ይሠራ።

ፊትና እጅ

ካሜራው የማይናገረውንም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የአል ጎር በክርክር ላይ ያሰሙት ተደጋጋሚ የትንፋሽ ድምፅ ከተናገሩት ነገር በላይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ጣት መቀሰር፣ በግልምጫ ማየት፣ «እ!» ብሎ መሳቅ፣ ሌላው ሲናገር ስልክ መነካካት ሁሉም ይታያል። ወረቀት ይዞ መጻፍ ይሻላል።

የአወያዩ ዝምታ

አንዱ ሲሰድብ አወያዩ «ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ» ካለ ስድቡን አጸደቀው። «ሁለታችሁም ተረጋጉ» ካለ ደግሞ ተሰዳቢውን ከተሳዳቢው ጋር አንድ ላይ ቀጣው። ቃሉን በስሙ ይጥራ፦ «አሁን ያሉት የሰውየውን ማንነት የሚነካ ነው፤ ያንሱልኝ። ቀሪውን ደቂቃዎን ለጥያቄው ይጠቀሙበት።» ረጋ ብሎ፣ ሳይጮህ።

«ካስቀየምኩ ይቅርታ»

ይሄ ይቅርታ አይደለም። ጥፋቱን ለተሰደበው ያሸክማል፤ «አንተ ተቀየምክ እንጂ እኔ ምንም አላልኩም» ማለት ነው። «ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ቃሌን አንስቻለሁ» ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የትምህርት ቤቱ ውሃ ለምን እንደሚጠፋ ሲከራከር፣ ጋለና ተከራካሪውን «አንቺ ምን አገባሽ?» አላት። ክፍሉ «ኡ!» አለ። ልጁ ቀይ ሆነ። ትንሽ ቆየና «እርስዎ ማለት ነበረብኝ። ‹ምን አገባሽ› ማለቴም ስህተት ነው፤ አንስቻለሁ» አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀችና «እሺ፤ ታንከሩን ማን ነው የሚያጥበው?» ብላ ጠየቀችው። አርባ ሰከንድ ቀርቶት ነበር። ሁሉንም ስለ ታንከሩ ተናገረበት።