ልጆች ይዞ ወንዝ ሲወረድ የሚሠሩ ስህተቶች

«ሁላችንም አለን» ብሎ መዘናጋት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አባት «እናታቸው እያየች ነው» ይላል። እናት «አክስታቸው አለች» ትላለች። አክስት ስልኳ ላይ ናት። ሰው በበዛ ቁጥር ውሃውን የሚያይ ይጠፋል። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቀጥ ይላል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ገባ ወጣ ይላል። አየር ለመሳብ እንጂ ለመጣራት ፋታ የለውም። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ነው የሚመስለው። ደቂቃ ሳይሞላም ሊሰምጥ ይችላል።

ስለዚህ ተራ ግቡ። ዋና የሚችል አንድ ትልቅ ሰው ለ15 ደቂቃ ያህል ዓይኑን ውሃው ላይ ብቻ ያድርግ። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ተራው ሲያልቅ «ተረክቤያለሁ» የሚል መልስ ሳይሰማ ንቅንቅ አይበል። ከትንንሾቹ ጋር ደግሞ እጁን ሲዘረጋ የሚደርስባቸው ሰው አብሮ ይግባ። የሚነፋ ጎማ የዚህን ሰው ቦታ አይተካም።

ጥልቀትን በዓይን መለካት። ጥርት ያለ ውሃ ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ 2 ሜትር የሚጠልቀው ከላይ ሲያዩት 1 ሜትር ተኩል ያህል ይመስላል። ልጁ ከታች ያለውን ጠጠር እያየ «እዚህማ እቆማለሁ» ብሎ ይገባል፤ ውሃው ግን ይውጠዋል። መጀመሪያ ትልቅ ሰው በዱላ እየለካ፣ በእግሩ እየዳሰሰ ይግባ። «አምና ዋኝተንበታል» ማለትም አይሠራም። ጎርፍ ድንጋይና ግንድ አምጥቶ ከትቶበት ሊሆን ይችላል። በጭንቅላት መወርወር ጭራሽ አይታሰብም፤ አንገት የሚሰበረው እንዲህ ነው።

ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ደራሽ ውሃ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ልብስና ዕቃ ልሰብስብ አትበሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

ውሃ የወሰደውን ለማውጣት ዘሎ መግባት። ሊያድን የገባው ራሱ የሚሰምጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ገመድ ወርውሩ፣ ረጅም እንጨት አቀብሉ። ለልጆቹም ከመግባታቸው በፊት ይህን ንገሯቸው፦ ውሃ ከወሰደህ በጀርባህ ተኛ፣ እግርህን ወደሚፈስበት አድርግ፣ ኃይለኛው ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክር። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ገፍቶ ይደፍቃል።

በነጠላ ጫማ መሄድ። የረጠበ ድንጋይ ያንሸራትታል። እግር ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ውስጥም አታውልቁት።

የመመለሻውን ዳገት መርሳት። ወደ ወንዝ ሲሄዱ ቁልቁለት ነው፤ አቀበቱ የሚጠብቀው ልጆቹ ሲደክሙ ነው። ከወንዙ የምትነሡበትን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ልጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሰዓቱን አትጠብቁ። አውጡት፣ አድርቁት፣ ደረቅ ልብስ አልብሱት።