ጠብታውን በሰዓት ቁጠሩት
ጎንደር ውስጥ ሌሊት ተረኛ ስሆን ባለ ሰከንድ ቆጣሪ ሰዓቴ ከእጄ አይለይም። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ፍጥነት የሚቆጣጠር ፓምፕ ከሌለ ጠብታውን የምንቆጥረው እኛ ነርሶች ነን።

መጀመሪያ የአይቪ ሴቱን፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ ደም ሥር የሚወርድበትን ቱቦ፣ ማሸጊያ አንብቡ። አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ ተጽፎበታል፤ 10፣ 15፣ 20 ወይም 60። እሱን ሳያዩ ማስላት አደገኛ ነው።

1000 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ታዘዘ እንበል። በባለ 20ው፣ 1000 ሲባዛ በ20፣ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.7 ይመጣል። በደቂቃ 42 ጠብታ ማለት ነው። በባለ 60ው ደግሞ በሰዓት የታዘዘው ሚሊ ሊትር ራሱ የደቂቃው ጠብታ ነው።

አንዲት እናት «ሲስተር፣ ቆሟል እኮ!» ብለው ጠሩኝ። ልጃቸው እጁን አጥፎ ተኝቷል። ክንዱን ቀና ሳደርገው መንጠባጠብ ጀመረ። ያኔም ሙሉ ደቂቃ እንደገና ቆጠርኩ።